የቦናፓርት ቤተሰብን ደብዳቤዎች ፈልጎ ማግኘትና ማንበብ

ናፖሊዮን ቦናፓርት ብዙ ጽፏል፤ ከጻፈው በላይ ደግሞ አስጽፏል። ከ2004 እስከ 2018 ፈረንሳይ ውስጥ የታተመው አዲሱ የደብዳቤዎቹ ስብስብ 15 ትልልቅ ጥራዝ ነው። ከ40,000 በላይ ደብዳቤዎች አሉበት። ይህ የእሱ ብቻ ነው። የእናቱ የሌቲዚያ፣ የወንድሞቹና የእህቶቹ፣ የሁለቱ ሚስቶቹ፣ የወንድሙ ልጅ የናፖሊዮን ሣልሳዊና የሚስቱ የዩጄኒ ደብዳቤ ሲጨመርበት፣ አዲስ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። የታሪክ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ፓሪስ የሚኖር ወይም አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይኛ በመጠኑ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሌላው በሥራ ይለመዳል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአንድ ገዢ ደብዳቤ አንድ ወረቀት ብቻ አይደለም። ረቂቁ አንድ ቦታ አለ፣ የተላከው ሌላ አገር አለ፣ ግልባጩ መዝገብ ውስጥ አለ፣ የታተመው ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ አለ። አራቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። የትኛውን እያነበቡ እንደሆነ ሳያውቁ የሚጽፉት ነገር ሁሉ መሠረቱ የላላ ይሆናል።

መጀመሪያ ሰውየውንና ዓመቱን ይወስኑ

«የናፖሊዮን ደብዳቤዎችን እፈልጋለሁ» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። ጥያቄዎን ያጥብቡ። «ዮሴፍ የስፔን ንጉሥ ሳለ ለወንድሙ ምን ጻፈ?» የሚለው ጥያቄ ሰው፣ ቦታና ዘመን አለው። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ራሱ ወደ ትክክለኛው ሳጥን ይመራዎታል።

ቀጥሎ በአንድ ወረቀት ላይ የስም ሰንጠረዥ ያዘጋጁ። ይህን ሥራ ማንም እንዲዘለው አልመክርም። የዚህ ቤተሰብ ሰዎች በየጊዜው ማዕረግ ይቀያይራሉ፤ የመዝገብ ዝርዝሮች ደግሞ ሰውን በወቅቱ በነበረው ማዕረግ ሊጠሩት ይችላሉ። ዮሴፍ ከ1806 እስከ 1808 የኔፕልስ ንጉሥ ነው፤ ከዚያ እስከ 1813 የስፔን። ሉዊ እስከ 1810 የሆላንድ ንጉሥ ነው። ዤሮም የዌስትፋሊያ። እህታቸው ካሮሊን ከባሏ ከሙራ ጋር ከ1808 ጀምሮ የኔፕልስ ንግሥት ናት። የናፖሊዮን የመጀመሪያ ሚስት የጆሴፊን ልጅ ዩጂን ከ1805 ጀምሮ የኢጣልያ እንደራሴ ነው።

ከ1815 በኋላ ነገሩ ይብሳል። ናፖሊዮን ሲወድቅ ቤተሰቡ ተበተነ፤ ብዙዎቹም በአዲስ መጠሪያ መኖር ጀመሩ። ዮሴፍ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ገብቶ «የሱርቪሊዬ ኮንት» ተባለ። የዩጂን እህት ኦርታንስ «የሳን-ሉ ዱሼስ» ሆነች። ዤሮም «የሞንፎር ልዑል»፣ ዩጂን «የሎይሽተንበርግ መስፍን» ተባሉ። የናፖሊዮን ሁለተኛ ሚስት ማሪ-ሉዊዝ የፓርማ ገዢ ሆነች። ከአንድ ትውልድ በኋላ ዩጄኒ ስትጓዝ «የፒየርፎን ኮንቴስ» እየተባለች ነበር። «ዮሴፍ ቦናፓርት» ብለው ብቻ ከፈለጉ የስደት ዘመኑ ደብዳቤዎች ሊያመልጡዎት ይችላሉ። በሁለቱም ስም ይፈልጉ።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ልዑል ናፖሊዮን» የሚለው ነው። እሱ ቀዳማዊውም ሣልሳዊውም አይደለም። የዤሮም ልጅ ነው፤ በሁለተኛው ኢምፓየር፣ ማለትም በናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን ትልቅ ሰው ነበር። በፊርማው ላይ ግን ያው «ናፖሊዮን» የሚለው ስም አለ። ዓመቱን ካላዩ ከአጎቱ ልጅ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ይምታታብዎታል።

ወደ ቤተ መዛግብት ከመሄድዎ በፊት የታተመውን ያንብቡ

ሰው ሁሉ ወዲያው ዋናውን ወረቀት መንካት ይፈልጋል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን አብዛኛው ደብዳቤ ታትሟል፤ የታተመውን ሳያዩ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

የቀዳማዊው ናፖሊዮን ደብዳቤዎች ሁለት ዋና ኅትመቶች አሏቸው። የድሮው በናፖሊዮን ሣልሳዊ ትእዛዝ ከ1858 ጀምሮ የወጣው 32 ጥራዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 28 ደብዳቤዎች ናቸው፤ የቀሩት በግዞት ደሴቱ በሴንት ሄሌና ያስጻፋቸውን ሥራዎች የያዙ ናቸው። ይህ ኅትመት በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የዲጂታል ክምችት በጋሊካ በነፃ ይገኛል። አዲሱ ከላይ የጠቀስኩት የናፖሊዮን ፋውንዴሽን 15 ጥራዝ ነው። ፋውንዴሽኑ «ናፖሊዮኒካ» የሚባል ድረ ገጽም አለው፤ ብዙ ሰነድ በነፃ ያቀርባል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የድሮው ኅትመት ገለልተኛ ሰው ያዘጋጀው አይደለም። የወንድም ልጅ ስለ አጎቱ ያሠራው ሥራ ነው። ከ1864 ወዲህ ኮሚሽኑን የመራው ያው ልዑል ናፖሊዮን ነበር። በእሱ ጊዜ የሥራው መመሪያ፣ አጎቱ ራሱ ቢኖር ለሕዝብ ሊያሳይ የሚፈልገውን ማሳተም ነበር። ስለዚህ በወንድሞቹ ላይ የተቆጣባቸው፣ ሰው እንዲገደል ያዘዘባቸው፣ ለቤተሰቡ የሚያሳፍሩ ብዙ ደብዳቤዎች ተዘለሉ። በ1897 ሌላ ተመራማሪ የተዘለሉትን ሰብስቦ በሁለት ጥራዝ አወጣ። አንድ ደብዳቤ በድሮው ስብስብ ውስጥ ከሌለ «አልተጻፈም» ማለት አይደለም። ምናልባት ሆን ተብሎ ተትቷል።

የወንድሙ ልጅ ራሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ዕጣ ገጠመው። ናፖሊዮን ሣልሳዊ ከፕሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ሴዳን ላይ ተማርኮ ሴፕቴምበር 4 ቀን 1870 መንግሥቱ ወደቀ። ዩጄኒ ከቱይለሪ ቤተ መንግሥት በጥድፊያ ወጣች። ወረቀቶቹ እዚያው ቀሩ። አዲሱ መንግሥት ኮሚሽን አቋቁሞ በቤተ መንግሥቱ የተገኘውን የንጉሠ ነገሥቱን ቤተሰብ ደብዳቤ በዚያው ዓመት ማሳተም ጀመረ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የወደቀውን ቤተሰብ ማጋለጥ። ገንዘብ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን ምን እንደለመነ፣ ማን ማንን እንደሰለለ። በሜይ 1871 በኮሚዩን አመፅ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ተቃጠለ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩ። የአጎቱን ደብዳቤ ቤተሰቡ መረጠው፤ የወንድም ልጁን ደብዳቤ ጠላቶቹ መረጡት። በመጀመሪያው ስብስብ ውስጥ የሚጎድለው ነውሩ ነው፤ በሁለተኛው የሚጎድለው ደህናው ነገር ነው። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳሳተመው የሚነግረውን መቅድም ሁልጊዜ ከደብዳቤዎቹ በፊት ያንብቡ።

ወረቀቶቹ የት የት እንዳሉ ይወቁ

ዋናው ቦታ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከአብዮቱ ወዲህ ያለው አብዛኛው ክምችት ከፓሪስ ወጣ ብሎ ፒየርፊት-ሱር-ሴን በሚገኘው ሕንፃ ነው፤ ሕንፃው በ2013 ለአንባቢ ተከፈተ። ሜትሮ መስመር 13ን ይዘው እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ሰን-ደኒ ዩኒቨርሲቴ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው።

ሦስት የመዝገብ መለያዎችን ይያዙ። «ኤ-ኤፍ 4» የሚባለው የናፖሊዮን መንግሥት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ነው፤ የደብዳቤዎቹ ረቂቆች በብዛት እዚህ ናቸው። «400 ኤ-ፒ» የቤተሰቡ የግል ወረቀት ነው፤ ከቀዳማዊው እስከ ናፖሊዮን ሣልሳዊና ልጁ ድረስ ይሄዳል። «381 ኤ-ፒ» የዮሴፍ ነው። የሙራ ቤተሰብ ደግሞ «31 ኤ-ፒ» የሚል የራሱ ክምችት አለው። የመጀመሪያው የመንግሥት፣ የቀሩት የግል ክምችት መሆናቸውን አይርሱ። ስለ ጦርና ስለ ግብር ከሆነ ወደ መጀመሪያው ይሂዱ፤ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስና ስለ ቤተሰብ ጠብ ከሆነ ወደ ሁለተኛው።

የቀረው በዓለም ዙሪያ ተበትኗል። ናፖሊዮን በወጣትነቱ የጻፋቸውን ወረቀቶች በአንድ ካርቶን አሽጎ ለአጎቱ ለካርዲናል ፌሽ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። ካርቶኑ ከካርዲናሉ ሞት በኋላ ሊብሪ በሚባል ሰው እጅ ገባ፤ ከእሱ ወደ እንግሊዛዊ ባላባት ተሻገረ፤ ዛሬ ዋናው ክፍል ፍሎረንስ በላውሬንሲያና ቤተ መጻሕፍት ነው። ጥቂቱ ፖላንድ ደረሰ። የዩጂን ወረቀቶች አሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የሴንት ሄሌና ጠባቂ የነበረው የሃድሰን ሎው መዝገብ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ዩጄኒ ስፔናዊት ስለነበረች፣ ለእህቷ ቤተሰብ የጻፈችውን ማድሪድ በሚገኘው የአልባ መስፍን ቤት መዝገብ ይፈልጉ።

ናፖሊዮን ለማሪ-ሉዊዝ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ታሪክ በጣም ያስገርማል። በ1934 መጨረሻ ለንደን ውስጥ 318 ደብዳቤዎች ለጨረታ ቀረቡ። የፈረንሳይ መንግሥት ገዛቸው፤ ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በሪሼልዩ ጎዳና ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ተመራማሪ አላያቸውም ነበር። ከ1934 በፊት ስለዚህ ጋብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ካነበቡ፣ ጸሐፊው እነዚህን እንዳላየ ያስታውሱ።

ስለ ኢትዮጵያ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ወረቀት አይሂዱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለናፖሊዮን ሣልሳዊ ደብዳቤ ልከው ነበር፤ ይዞት የሄደው ባርዴል የተባለ ፈረንሳዊ ነው። መልሱ ከንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስለመጣ ዐፄው ተቆጡ፤ ቆንስሉን ጊዮም ለዣንንም በ1863 ከአገር አስወጡት። እንዲህ ያለው ጉዳይ የሚገኘው ፓሪስ አጠገብ ላ ኩርኔቭ ባለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት፣ በምፅዋ ቆንስላ መዝገቦች ውስጥ ነው። ነገሥታት እርስ በርስ የሚጻጻፉት በሚኒስቴሩ በኩል ነውና ወረቀቱም እዚያው ይቀራል።

ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ቁጥሩን ይያዙ

ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ «የኢንቬንተሪዎች ቨርቹዋል አዳራሽ» የሚባል የፍለጋ ገጽ አለው። ስም፣ ዓመትና ቦታ ያስገቡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የመዝገቡ ሙሉ ቁጥር። ቁጥሩ ሦስት ክፍል ይኖረዋል፦ ክምችቱ፣ ሳጥኑ፣ አንዳንዴም በሳጥኑ ውስጥ ያለው ዶሴ። ሦስቱንም ሳያስተካክሉ ይገልብጡ። አንድ ነጥብ ወይም ሰረዝ ስትቀር ሌላ ሳጥን ሊመጣብዎ ይችላል።

አንዳንዱ ሰነድ ስካን ተደርጓል፤ አንዳንዱ በማይክሮፊልም ብቻ ይታያል። ይህን ከቤት ሳይወጡ ያጣሩ። ስካኑ ካለ መንገድ ወጪ አያስፈልግዎትም።

ንባብ ክፍሉ

ፓስፖርት ይዘው ይሂዱ፤ የአንባቢ ካርድ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በነፃ ይሠራል። በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የእጅ ጽሑፍ ክፍል ግን የምርምሩን ምክንያት ይጠይቃሉ፤ የትምህርት ቤት ወይም የአማካሪ ደብዳቤ መያዝ ይረዳል። እስክሪብቶ አይፈቀድም፤ እርሳስ ይያዙ። ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ፎቶ ሲያነሱ መጀመሪያ የሳጥኑን መለያ ቁጥር ያንሱ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን በተራ፣ ፊትና ጀርባ። ጀርባው ባዶ ቢመስልም ያንሱት። አድራሻው፣ ማኅተሙና «ተቀበልኩ» የሚለው ማስታወሻ እዚያ ነው የሚገኘው።

ቀኑን ይፍቱ

ፈረንሳዮች በአብዮቱ ጊዜ የራሳቸውን ካላንደር አወጡ። 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ በመጨረሻ 5 ወይም 6 ተጨማሪ ቀን። ጳጉሜን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም 6ኛው ቀን የተጨመረባቸው ዓመታት 3ኛው፣ 7ኛውና 11ኛው ነበሩ፤ በ1795፣ በ1799 እና በ1803 መሆኑ ነው። በእነዚያው ዓመታት እኛም ዘመነ ሉቃስ ነበርን፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ነበረች። አንድ አማርኛ አንባቢ ይህን ካላንደር ከብዙ አውሮፓዊ ተማሪ ፈጥኖ ይይዘዋል።

ዓመቱ የሚጀምረው በሴፕቴምበር 22፣ 23 ወይም 24 ነው። ወሮቹ በቅደም ተከተል ቫንዴሚዬር፣ ብሩሜር፣ ፍሪሜር፣ ኒቮዝ፣ ፕሉቪዮዝ፣ ቫንቶዝ፣ ዤርሚናል፣ ፍሎሬያል፣ ፕሬሪያል፣ ሜሲዶር፣ ቴርሚዶር፣ ፍሩክቲዶር ናቸው። ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር ይጻፋል። ካላንደሩ በጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ቀረ።

በምሳሌ እንየው። ናፖሊዮን ግብፅ ሳለ ለዳርፉር ሱልጣን በጻፈው ደብዳቤ ላይ «ሜሲዶር 12፣ ዓመት 7» ይላል። በዚያ ዓመት ሜሲዶር 1 የዋለው ጁን 19 ቀን 1799 ነው። 11 ቀን ይደምሩ፤ ጁን 30 ይሆናል። በዚህ ደብዳቤ የጠየቀው ከ16 ዓመት በላይ የሆናቸው 2,000 ጥቁር ባሮች እንዲላኩለት ነው። የቀኑ ስሌት ደረቅ ቢመስልም፣ ደብዳቤውን ከግብፅ ዘመቻ ታሪክ ውስጥ በትክክለኛው ቦታ የሚያስቀምጠው እሱ ነው፤ ከአካ ከበባ ተመልሶ ሠራዊቱ በተመናመነበት ወቅት መሆኑን ያኔ ይረዳሉ።

የዓመቱ መጀመሪያ ስለሚዛነፍ አንድ ቀን የመሳሳት ዕድል አለ። በእጅ ካሰሉ በኋላ ኢንተርኔት ላይ ባለ መቀየሪያ ያረጋግጡ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በዘመኑ ጸሐፊዎች ሴፕቴምበርን ለማሳጠር 7 ቁጥርን ይጽፉና ትንሽ ፊደል ይጨምሩበታል፤ «ሴፕት» በፈረንሳይኛ ሰባት ነውና። ኦክቶበር በ8፣ ኖቬምበር በ9፣ ዲሴምበር በሮማውያኑ 10 ይጻፋል። ሰባተኛ ወር መስሎዎት ጁላይ ካሉ ሁለት ወር ይሳሳታሉ።

እጁን መለየት

ከናፖሊዮን ስም የሚወጣ ደብዳቤ አብዛኛው በእጁ የተጻፈ አይደለም። በክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ በፍጥነት ይናገራል፣ ጸሐፊው ይከተላል፣ ከዚያ በንጹህ ይገለበጣል፣ እሱ ይፈርማል። እስከ 1802 ጸሐፊው ቡሪየን ነበር፤ ከእሱ በኋላ ሜንቫል፣ ከ1813 ጀምሮ ፌን። ንጹህና የሚያምር ጽሕፈት ካዩ የጸሐፊ ነው። የራሱ እጅ ጽሕፈት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ፊደል ይውጣል፣ መስመሩ ያዘቀዝቃል፣ አጻጻፉም ስህተት ይበዛበታል። በራሱ እጅ የጻፈው በተለይ ለሚስቶቹ ነው።

ለማንበብ ሲቸገሩ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ፈረንሳይኛውን እንደሰማው ነው የሚጽፈው፤ ለዓይን የማይገባው ለጆሮ ይገባል። ከአንድ እጅ ብዙ ገጽ ካለዎት «ትራንስክሪቡስ» የሚባለውን የእጅ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ይሞክሩ፤ ግን ያወጣውን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያስተያዩ። የሌቲዚያና የልጆቿ የቀድሞ ደብዳቤዎች ውስጥ ጣልያንኛ ካጋጠመዎት አይደናገጡ፤ የኮርሲካ ሰዎች ናቸው።

ፊርማው ዘመን ይናገራል። እስከ 1796 መጀመሪያ በጣልያንኛ አጻጻፍ «ብዎናፓርቴ» ነው፤ በኢጣልያ ዘመቻ «ቦናፓርት» ሆነ፤ በ1804 ንጉሠ ነገሥት ሲሆን «ናፖሊዮን»። ከዚያ እያጠረ ሄዶ «ናፕ»፣ በመጨረሻም አንድ ፊደል ብቻ ይቀራል። የ1795 ቀን ያለው ወረቀት «ናፖሊዮን» ብቻ ተብሎ ከተፈረመ ጥርጣሬ ይግባዎት።

ሐሰተኛም አለ። በናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን ቭራን-ሉካ የተባለ አጭበርባሪ ለአንድ የታወቀ የሒሳብ ሊቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የሐሰት ደብዳቤዎችን ሸጦ በ1870 ተፈርዶበታል። ከሸጣቸው መካከል ክሊዮፓትራ በፈረንሳይኛ የጻፈችው ይገኝበታል! የተማረ ሰው እንኳ መግዛት ሲፈልግ ዓይኑ ይታወራል። የናፖሊዮን ደብዳቤዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ኅትመት ተባዝተዋልም። በማጉያ መስተዋት ሲያዩት ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ፣ የብዕር ጫና ከሌለው፣ ኅትመት ነው። ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ ሕጉን ይወቁ፤ የፈረንሳይ መንግሥት የሕዝብ መዝገብ የነበረን ወረቀት ከግል እጅ የማስመለስ መብት አለው።

ረቂቅ ነው ወይስ የተላከ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ረቂቅ ከሆነ ስርዝ ድልዝ አለው፣ ፊርማና አድራሻ የለውም፣ እጥፋትም የለውም። የተላከው ታጥፏል፣ የሰም ማኅተም ምልክት አለው፣ ተፈርሟል፣ ተቀባዩ የደረሰበትን ቀን ጽፎበት ይሆናል። ግልባጭ ከሆነ በመዝገብ ደብተር ውስጥ በአንድ እጅ ተከታትሎ የተጻፈ ነው።

ረቂቁና የተላከው ሲለያዩ ልዩነቱን እንደ ስህተት አይቁጠሩት። እኔ እንደማየው ከሁሉ የሚበልጠው መረጃ እሱ ነው። የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር ሰውየው መጀመሪያ ያሰበውን ያሳያል፤ የቀረው ደግሞ ሌላው እንዲያውቅ የፈለገውን። ከዚያ ሁለቱን ከታተመው ጋር ያነጻጽሩ። ኅትመቱ አንድ መስመር ዘሎ ከሆነ፣ የድሮው ኮሚሽን ምን እንዳስፈራው ያያሉ።

ማስታወሻ አያያዝ

ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ገጽ ይክፈቱ። ቤተ መዛግብቱን፣ ሙሉ ቁጥሩን፣ የቅጠሉን ቁጥር፣ ቀኑን በሁለቱም ካላንደር፣ ጸሐፊውንና ተቀባዩን በትክክለኛ ስማቸውና በዘመኑ ማዕረጋቸው ይመዝግቡ። ረቂቅ፣ የተላከ፣ ግልባጭ ወይስ ኅትመት መሆኑን ከላይ በጉልህ ይጻፉ። ጽሑፉን ሲገለብጡ የፊደል ስህተቱን አያርሙ፤ ማንበብ ያቃተዎትን ቃል በቅንፍ ባዶ ይተዉት፣ በግምት አይሙሉት። የአማርኛ ትርጉምዎን በሌላ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። ሌላ ተመራማሪ በቁጥሩ ሳጥኑን አስወጥቶ እርስዎ ያዩትን ወረቀት ማየት ከቻለ፣ መዝገብዎ ሥራውን ሠርቷል።